የሜዲኬር በር መቼ ይከፈታል?

በየቤቱ ደብዳቤ አንባቢ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሲመጣ «እስቲ ምን ይላል?» ተብሎ የሚሰጠው ገና ተማሪ ለሆነው ልጅ ወይም አዲስ ቢሮ ለገባችው ልጅ ነው። ይህን አምድ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ያ ሰው እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን በአሜሪካ ስላለው የአረጋውያን የሕክምና መድን፣ ማለት ስለ ሜዲኬር ነው ብላችሁ ገጹን አትግለጡብኝ። አጎታችሁ ወይም አክስታችሁ ዋሽንግተን፣ ዳላስ ወይም ሲያትል የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም እዚያ ኖረው ለጡረታ ወደ አገር የተመለሱ ከሆነ፣ ደብዳቤው አንድ ቀን ከእጃችሁ ይገባል።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት አሉ። ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ከ20 ዓመት በላይ ሠርተው ጡረታ ወጡና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። እዚህ ደብዳቤ የሚያነብላቸው በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ነው። በ2022 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አንድ ቀን ጠሩትና «ስማኝማ፣ ይኸ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ሕክምና አይከፍልም አይደል? ታዲያ በየወሩ ከጡረታዬ የሚቆርጡብኝ ለምንድር ነው?» አሉት። ነገሩ ለሰሚ ትክክል ነው። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ምድር ውጭ አይከፍልም። «እውነትዎን ነው ጋሼ» አለና ወረቀቱን ሞላላቸው። በዓመቱ መጨረሻ ክፍል ቢ የሚባለው ቀረ፤ ገንዘቡም ለቤት እድሳት ዋለ።

ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሁሉም ሰላም ነበረ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን ደረጃ ሲወጡ ልባቸው ያደክማቸው ጀመር። ልጆቻቸው «ይምጡ፣ እዚህ ይታከሙ» አሏቸውና በኤፕሪል ወር ዋሽንግተን ገቡ። በማግሥቱ ሴት ልጃቸው ክፍል ቢን መልሳ ለማስከፈት ስልክ ደወለች። ምን እንደ ተባለች ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሜዲኬር የተወለደው በ1965 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጁላይ 30 ቀን ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ወደምትባለው ከተማ ሄደው፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በሃሪ ትሩማን ስም በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ሕጉን ፈረሙ፤ የመጀመሪያውንም ካርድ ለአዛውንቱ ለትሩማን ሰጡ። ሥራ በጀመረበት በ1966 ለሐኪም የሚከፈለው ወርኃዊ መዋጮ 3 ዶላር ነበረ። በ2026 ይኸው መዋጮ 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ሆኗል።

ዛሬ ሜዲኬር ክፍሎች አሉት። ክፍል ኤ ለሆስፒታል አልጋ ነው፤ ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 10 ዓመት ያህል ግብር እየከፈለ ለሠራ ሰው ወርኃዊ ክፍያ የለበትም። ክፍል ቢ ለሐኪም፣ ለምርመራና ተኝቶ ላልሆነ ሕክምና ነው፤ ይህ በየወሩ ይከፈልበታል። ክፍል ዲ ለመድኃኒት ሲሆን የተጀመረው በ2006 ነው። ከዚህ ሌላ የግል ኩባንያዎች እነዚህን ጠቅልለው የሚያቀርቡት ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባል ዕቅድ አለ። በዚህ ሳይገባ በመንግሥቱ በራሱ ሜዲኬር የሚቆይ ሰው ደግሞ «ነባሩ ሜዲኬር» አለው ይባላል።

ይህን ሁሉ ማንም ያስረዳችኋል። ሰውን የሚጎዳው ግን ጊዜው ነው። ሜዲኬር እንደ ሱቅ አይደለም፤ ገንዘብ ይዞ በፈለጉት ቀን መግባት የለም። በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ወር አለው፤ ከተዘጋ በኋላ ሕመምም ልመናም እምብዛም አያስከፍተውም።

የመጀመሪያው በር ለሰባት ወር ይከፈታል። 65 ዓመት የሚሞላበት ወር መካከሉ ነው፤ ከእርሱ በፊት ሦስት ወር፣ ከእርሱ በኋላ ሦስት ወር። በጁን የተወለዱ ሰው ከማርች መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ መመዝገብ ይችላሉ። ከልደታቸው ወር አስቀድመው ከተመዘገቡ መድኑ ጁን 1 ይጀምራል፤ ከዘገዩ ከተመዘገቡበት ወር በሚቀጥለው ወር ይጀምራል።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የተለየ አንድ ነገር አለ። የልደት ቀኑ የወሩ መጀመሪያ የሆነ ሰው ዕድሜው እንደ ሞላ የሚቆጠረው ባለፈው ወር ነው። በስደት ወረቀቱ ላይ ቀኑ ሳይታወቅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈለት ወገናችን ደግሞ ስንት ነው! የእነዚህ ሰዎች ሰባት ወር ከሴፕቴምበር ይጀምርና በማርች መጨረሻ ያልቃል፤ መድናቸውም ከዲሴምበር 1 ጀምሮ ሊሠራ ይችላል። እናታችሁ «እኔ የተወለድሁት በግንቦት ልደታ ነው» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን ሹሙ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ የምትመለከቱት በመንግሥት መዝገብ ያለውን ልደት ይሁን።

በዚህ በር ላይ ዛሬ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላ ድንጋይ አለ። ቀድሞ ሙሉ ጡረታም ሜዲኬርም በ65 ዓመት ይገናኙ ነበር። አሁን በ1960ና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚደርሰው በ67 ነው፤ ሜዲኬር ግን እዚያው 65 ላይ ቆሟል። ከ65 ዓመቱ አስቀድሞ ጡረታ መቀበል የጀመረ ሰው ካርዱ ሳይጠይቅ በፖስታ ይመጣለታል። «እስከ 67 ልሥራ» ብሎ ጡረታውን ያቆየ ሰው ግን ማንም አይመዘግበውም። «ጊዜው ሲደርስ ይጠሩኛል» ብሎ ይጠብቃል፤ የሚጠራው የለም።

በሥራ ላይ ላለ ሰው ሕጉ ፋታ ይሰጣል። እርሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት እየሠሩ በሥራቸው መድን ያላቸው ከሆነ ክፍል ቢን ሳይቀጡ ማቆየት ይችላሉ። ሥራው ወይም መድኑ ሲያበቃ፣ ከሁለቱ ከቀደመው ጀምሮ ስምንት ወር ይሰጣቸዋል። ከ20 ሰው በታች ባለው ድርጅት ግን አስቀድሞ መክፈል ያለበት ሜዲኬር ነውና አለመመዝገብ አደገኛ ነው፤ የሥራው መድን «ሜዲኬር ሊከፍለው ይገባ የነበረውን እኔ አልከፍልም» ሊል ይችላል። ከሥራ ሲወጡ ገንዘብ እየከፈሉ የሚያስቀጥሉት ኮብራ የሚባለው መድንም እንደ ሥራ መድን አይቆጠርም፤ ስምንቱ ወር ኮብራ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ስለ ታክሲ ነጂዎቻችንና በግላቸው ስለሚሠሩት ግን እሰጋለሁ። አንዳንዶቹ መድናቸውን የገዙት በሰፊው «ኦባማ ኬር» ከሚባለው የመንግሥት ገበያ ነው። ይህም እንደ ሥራ መድን አይቆጠርም። 65 ዓመት ሞልቶት፣ ያለ ክፍያ ክፍል ኤ የሚገባው ሰው በዚያው ቢቀጥል የመንግሥቱ ድጎማ ይቀርበታል፤ በዚያው ላይ የሜዲኬር መቀጫ ይቆጠርበታል። «እኔ እኮ መድን አለኝ» እያለ ነው የሚቀጣው። አባታችሁ በዚህ ሁኔታ ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው።

በልጆቻቸው ዋስትና ዘግይተው አሜሪካ የገቡ፣ እዚያም ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ጉዳይ ለየት ይላል። ግሪን ካርድ ይዘው 5 ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩና 65 ከሞላቸው ገንዘብ ከፍለው መግባት ይችላሉ። ክፍል ኤን ሙሉውን ለሚገዛ በ2026 በወር 565 ዶላር ነው፤ ክፍል ቢን ብቻ መግዛትም ይቻላል። ለእነርሱ ሰባቱ ወር የሚቆጠረው ዕድሜውም አምስቱ ዓመትም በተሟሉበት ወር ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላን የወረዱበት ቀን ከልደታቸው ቀን ሊበልጥ ይችላል። አባት 10 ዓመት ሠርተው ቢያንስ 62 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ እናት 65 ሲሞላቸው በአባት ሥራ ክፍል ኤን ያለ ክፍያ ያገኛሉ። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ሜዲኬርን ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና ለጥቂት ተለይተው ለተጠቀሱ ወገኖች ብቻ እንደ ወሰነው እግረ መንገዴን ላስታውስ። በጥገኝነት ወይም በጊዜያዊ ከለላ ያለ አረጋዊ ሠርቶ ግብር ቢከፍልም ግሪን ካርዱን ማሳደድ ይኖርበታል።

አሁን ወደ አዛውንታችን እንመለስ። ልጃቸው በኤፕሪል ስትደውል የተሰጣት መልስ «በሩ ማርች 31 ተዘግቷል» የሚል ነበር። የመጀመሪያው በር ላመለጠው፣ ወይም እንደ እርሳቸው ገብቶ ለወጣ ሰው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ሌላ በር ይከፈታል። በእኛ ከታኅሣሥ 23 እስከ መጋቢት 22 ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የተመዘገበ ሰው መድኑ በሚቀጥለው ወር ይጀምራል። እርሳቸው አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ዘግይተው ደረሱ፤ ስለዚህ እስከሚቀጥለው ጃንዋሪ መጠበቅ ግድ ሆነ። ክፍል ኤ ስላልተነካ ሆስፒታል ቢተኙ አልጋው ይከፈልላቸዋል። የልብ ሐኪሙ፣ የአልትራሳውንድ ምርመራውና ቀጠሮው ሁሉ ግን በኪስ ነው። በጃንዋሪ 2026 ተመዘገቡ፤ ፌብሩዋሪ 1 ክፍል ቢ ጀመረላቸው። ከኤፕሪል እስከዚያ ዘጠኝ ወር አልፏል። ልጆቹ ተካፍለው ከፈሉ፤ ከፊሉንም ምርመራ አባትየው «ይቆይ» እያሉ አዘገዩት።

መቀጫውን ደግሞ ስሙ። ክፍል ቢ ሳይኖር ባለፈው በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር በወርኃዊው ክፍያ ላይ ከመቶ 10 ይጨመራል። ካቋረጡበት ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የተመዘገቡበት በር እስከሚዘጋበት እስከ ማርች 2026 ሲቆጠር 39 ወር ነው፤ ሦስት ሙሉ ዓመት ወጣውና ከመቶ 30 ሆነ። በ2026 ክፍያ ሲሰላ በወር 60 ዶላር ከ90 ሳንቲም ግድም ይጨመራል፤ 202 ዶላር ከ90 የነበረው 263 ዶላር ከ80 ይደርሳል። ይህም ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ክፍል ቢ እስካለ ድረስ ይቀጥላል፤ መሠረቱ ሲጨምርም አብሮ ይጨምራል። የመድኃኒቱ ክፍል ዲም የራሱ መቀጫ አለው፤ ተመጣጣኝ የመድኃኒት መድን ሳይኖር 63 ቀንና ከዚያ በላይ ለቆየ ሰው በእያንዳንዱ ወር ከአገሪቱ መነሻ ክፍያ ከመቶ 1 ይታሰባል።

የወንድማቸው ልጅ ይህን ሲሰማ አፈረ። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። አጎቱ ያልጠየቁት «ስመለስስ?» የሚለውን ነበረ። ክፍል ቢ በእጃቸው ኖሮ ቢሆን ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ለአድቫንቴጅ ዕቅድ የሚሰጠው የሁለት ወር ጊዜም ይጠብቃቸው ነበር። ወደ አገር ቤት ለመመለስ የሚያስብ ጡረተኛ፣ ዳግመኛ አሜሪካ እንደማይታከም እርግጠኛ ካልሆነ፣ ያን ወርኃዊ ክፍያ ሳያቋርጥ ቢቆይ ይሻለዋል የሚለው የእኔ አስተያየት ነው። የአድቫንቴጅ ዕቅድ ያለውም ይጠንቀቅ፤ ከዕቅዱ ክልል ከስድስት ወር በላይ የራቀን አባል ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ ያሰናብተዋል።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን ግን አንድ የጎን በር አለ። በሚኖሩበት ስቴት የሚሰጥ የሜዲኬር ቁጠባ ፕሮግራም የሚባል እርዳታ አለ፤ ለዚህ የበቃ ሰው የክፍል ቢን ክፍያ ስቴቱ ይከፍልለታል፤ መቀጫውም ይቀራል፤ ጃንዋሪንም መጠበቅ የለበትም። የእኚህ አዛውንት ጡረታ ከወሰኑ በጥቂት ስለ በለጠ አልሆነላቸውም።

አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ ዕቅድ ለመለወጥ ጊዜው ሌላ ነው። በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ማንኛውም ባለ ሜዲኬር ከነባሩ ወደ አድቫንቴጅ፣ ከአድቫንቴጅ ወደ ነባሩ፣ ከአንዱ የመድኃኒት ዕቅድ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል፤ ለውጡ ጃንዋሪ 1 ይጸናል። በእኛ ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 28 ነው። እናቶች እንዲያስታውሱት ከፈለጋችሁ በማኅሌተ ጽጌ ሰሞን ይከፈታል፣ የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ይዘጋል በሏቸው። በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለ ጥርስና ስለ መነጽር ስጦታ ይጮኻል። እናንተ ግን አስቀድሞ በሴፕቴምበር መጨረሻ ኩባንያው የሚልከውን የዓመቱን ለውጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ፈልጉ። የሐኪማቸው ስም አሁንም በዝርዝሩ አለ ወይ? የስኳሩና የደም ግፊቱ መድኃኒት በሚቀጥለው ዓመት ስንት ነው? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ የቴሌቪዥኑ ዘፈን ብዙ አያሳስብም። ሳትጠሩት ደውሎ «ዕቅድ ልለውጥላችሁ» የሚላችሁን ሰው ግን ስልኩን ዝጉበት፤ ሳይጠየቅ መደወል ለዕቅድ ሻጮች የተከለከለ ነው።

በአድቫንቴጅ ውስጥ ያለና የተጸጸተ ሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሌላ አድቫንቴጅ ወይም ወደ ነባሩ መመለስ ይችላል። ከዕቅዱ ክልል ውጭ ወደ ሆነ ስቴት የተዛወረም የራሱ ጊዜ ይሰጠዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሳይታወቅ የሚያመልጠው ግን ሌላ ነው። ነባሩ ሜዲኬር ከሐኪም ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 80 ይከፍልና 20ውን ለታካሚው ይተዋል፤ ለዚህ 20 ጣሪያ የለውም። ይህን ክፍተት የሚሸፍን ሜዲጋፕ የሚባል ተጨማሪ መድን ከግል ኩባንያ ይገዛል። 65 ሞልቶት ክፍል ቢ ከጀመረበት ወር አንሥቶ ለስድስት ወር ኩባንያው ስለ ጤናው ሳይጠይቅ ሊሸጥለት ግዴታ አለበት። ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ስቴቶች «ሕመም አለብህ» ብሎ ሊከለክለው ወይም ዋጋ ሊቆልልበት ይችላል።

ይህ ማለት እንግዲህ ምንድር ነው? አንዲት እናት በ65 ዓመታቸው ጤነኛ ሳሉ ተጨማሪ ክፍያ የሌለበትን አድቫንቴጅ መረጡ እንበል። ምርጫው መጥፎ አይደለም፤ ለዓመት ወጪያቸው ጣሪያ አለው፤ ብዙ ጊዜም መድኃኒት ይጨምራል። በ70 ዓመታቸው ከባድ ሕመም ያዛቸውና የሚፈልጉት ሆስፒታል ከዕቅዱ ዝርዝር ውጭ ሆነ። በኦክቶበር ወደ ነባሩ ሜዲኬር መመለስ ይችላሉ፤ በሩ ክፍት ነው። ሜዲጋፕ ግን ሊከለከሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ጣሪያ የሌለው 20 በላያቸው ይወድቃል። በ65 ዓመታቸው በቀጥታ አድቫንቴጅ የገቡ ሰው በመጀመሪያው 12 ወር ውስጥ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ሜዲጋፕ የመግዛት መብታቸው ይጠበቃል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ የሚጣራው በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ብዙ ሰው በየዓመቱ መለወጥ እንደሚቻል ሰምቶ የ65ቱን ምርጫ ቀላል ያደርገዋል። እኔ የምለው በተቃራኒው ነው፤ ዕቅዱ ይለወጣል፣ ስድስቱ ወር ግን አይመለስም።

ስልክ ለምትደውሉ ሁለት ቃል ልጨምር። ለመመዝገብ የሚደወለው ለሶሻል ሴኩሪቲ በ1-800-772-1213፣ ስለ ዕቅድ ለመጠየቅ ለሜዲኬር በ1-800-633-4227 ነው። በሁለቱም «አምሃሪክ» ብትሉ አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል። ባለ ካርዱ በስልኩ ላይ ቀርበው ካልፈቀዱላችሁ ግን ስለ እርሳቸው አያነጋግሯችሁም፤ ስለዚህ አባታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ካርዳቸውን ያዙ፣ የተባለውንና ቀኑን በማስታወሻ ጻፉ። በየስቴቱም ሺፕ የሚባል የነጻ አማካሪ አገልግሎት አለ፤ አማካሪዎቹ ከማንም ኩባንያ ኮሚሽን ስለማይቀበሉ ከሻጭ አስቀድሞ እነርሱን ማየት ይበጃል።

አዛውንታችን ዛሬ ሐኪማቸውን በየሦስት ወሩ ያያሉ። ባለፈው ሳምንት ለወንድማቸው ልጅ ደውለው ለአዲስ ዓመት አዲስ አበባ መጥተው ሁለት ወር ቢቀመጡ ሜዲኬሩ ይነካ እንደ ሆነ ጠየቁት። ክፍያው ከጡረታቸው እየተቆረጠ እስከ ቀጠለ ድረስ ነባሩ ሜዲኬር በመንገድ ምክንያት አይቋረጥም። እርሱ ግን በዚያው አልመለሰላቸውም፤ «ጋሼ፣ እስከ ነገ ልጠይቅና ልደውልልዎ» አላቸው።